ካሜራው ያየው፣ ሶፍትዌሩ የገመተው



ኮምፒውተር የሰውን ጥርስ በካሜራ አይቶ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል፣ በተለምዶ ስሪ ዲ የምንለውን፣ እንዴት እንደሚሠራ እንድናገር ተጋብዣለሁ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚደረጉ ንግግሮች ብዙ ጊዜ የሽያጭ ንግግር ይመስላሉ። በስክሪን ላይ የሚሽከረከር ያማረ መንጋጋ ይታያል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ያበቃል። እኔ ዛሬ ስለዚያ ያማረ መንጋጋ አንድ ነገር ማስረዳት እፈልጋለሁ። ከገጹ ከፊሉን ካሜራው በእርግጥ አይቶ ለክቶታል፤ ከፊሉን ደግሞ ሶፍትዌሩ ገምቶ ሞልቶታል። ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ልስላሴ አላቸው። አንዱን ከሌላው ሳይለይ የሚሠራ ሐኪምም ሆነ ፕሮግራመር በሰው አፍ ይጫወታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

የቆየውን መንገድ ብዙዎቻችሁ ቀምሳችሁታል። ሐኪሙ በውኃ የተበጠበጠ አልጂኔት በትሬይ ሞልቶ አፍ ውስጥ ይከታል፤ «በአፍንጫህ ተንፍስ» ይላል፤ ታካሚው ያቅለሸልሸዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል። አልጂኔት ከባሕር አልጌ የሚገኝ ዱቄት ነው። ሲረጋ ትሬዩ ይወጣና የጥርሱ ቅርጽ ተገልብጦ እዚያ ውስጥ ይቀራል። ጀሶ ይፈስስበታል፣ ጀሶው ሲጠነክር ከአልጂኔቱ ይላቀቃል፣ የታካሚው ጥርስ በሐኪሙ እጅ ይገባል። አልጂኔት አብዛኛው ክፍሉ ውኃ ስለሆነ እንዲሁ ከተተወ ደርቆ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ጀሶው ቶሎ መፍሰስ አለበት። ለጥንቃቄ ሥራ ሲሊኮን ይመረጣል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ይህን መንገድ ኋላቀር ነው ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። ጀሶ ግን አንድ የሚያስመሰግነው ጠባይ አለው፤ ጉድለቱን አይደብቅም። አልጂኔቱ ውስጥ አየር ከገባ ጀሶው ላይ እባጭ ሆኖ ይወጣል። አልጂኔቱ የድዱን ጥግ ካልደረሰበት ጀሶው እዚያ ላይ ደብዝዞ ይቀራል። የላብራቶሪው ባለሙያ ዓይኑን ጣል አድርጎ «ይሄ አይሠራም፣ እንደገና ይነሣ» ብሎ ይመልሰዋል። የኮምፒውተሩ ሞዴል እንዲህ በቀላሉ አይጋለጥም።

በካሜራ ልክ የመውሰድ ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፍራንሷ ዱሬ በ1973 በሊዮን ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ ልክ በብርሃን ሊወሰድ ይችላል ብሎ ተከራክሯል። በጊዜው የነበሩት ኮምፒውተሮች ሐሳቡን የሚሸከም አቅም አልነበራቸውም። ነገሩን ወደ ታካሚ ወንበር ያደረሱት በስዊዘርላንድ ዙሪክ የጥርስ ሐኪሙ ቨርነር ሞርማንና መሐንዲሱ ማርኮ ብራንደስቲኒ ናቸው። ሴሬክ ብለው የጠሩት መሣሪያ የተቦረቦረን ጥርስ በካሜራ ያያል፣ ቅርጹን ያሰላል፣ ከሴራሚክ ጡብ ላይ ሙሌቱን ፈልፍሎ ያወጣል። የመጀመሪያው ታካሚ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የታከመው መስከረም 19 ቀን 1985 ነው። ያ መሣሪያ ግን አንድ የማይሠራው ነገር ነበረው። የሙሌቱን የላይኛ ገጽ፣ የምናኝክበትን ጉብታና ሸለቆ፣ አይቀርጽም ነበር። ጎኑንና ሥሩን ሠርቶ ይሰጣል፤ የላይኛውን ሐኪሙ ሙሌቱን አፍ ውስጥ ካጣበቀ በኋላ በእጁ እየሞረደ ያስተካክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተቦረቦረው ቦታ ላይ ካሜራው የሚያየው የላይኛ ገጽ የለም። የሌለውን አላየም፣ ያላየውንም አልሠራም። ይህን ታማኝነት ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ዘመናዊው ሶፍትዌር ምን እንዳደረገው እናያለን።

አሁን ወደ አፍ ውስጥ እንግባ። ለኮምፒውተር ዕይታ ከአፍ የከፋ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ኢናሜል፣ የጥርስ ጠንካራው የውጭ ሽፋን፣ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል፤ የወደቀበት ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ተበትኖ፣ በሌላ ነጥብ በኩል ይወጣል። ካሜራው «ገጹ እዚህ ነው» ሲል ጨረሩ ከገጹ ሥር የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ ምራቅ አለ፤ ምራቅ ያብረቀርቃል፣ በተብረቀረቀበት ቦታ ካሜራው ነጭ ነጥብ እንጂ ቅርጽ አያይም። ምላስ አያርፍም፣ ጉንጭ ይጋርዳል፣ ትንፋሽ የካሜራውን መስተዋት ያደበዝዛል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ጥርሱን በነጭ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ማልበስ የጠየቁት። ዱቄቱ ብርሃኑን በላዩ ላይ ያስቀረዋል፣ ማብረቅረቁንም ያጠፋል። የዛሬዎቹ በአብዛኛው ያለ ዱቄት ይሠራሉ፤ ምራቅን ማድረቅ ግን ዛሬም የሐኪሙ ሥራ ነው።

ርቀትን ከምስል የማውጣት ዘዴዎች ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። በአንደኛው ከስካነሩ፣ ማለትም አፍ ውስጥ ከሚገባው ካሜራ፣ ጫፍ ያለች ትንሽ ፕሮጀክተር መስመር መስመር ያለው ብርሃን በጥርሱ ላይ ታበራለች። ካሜራዋ ፈንጠር ብላ ከሌላ ማዕዘን ታያለች። ጥርሱ ጠፍጣፋ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ቀጥ ብሎ በታየ ነበር፤ ጉብታ ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ጎን፣ ጎድጓዳ ላይ ሲደርስ ወደ ሌላው ይታጠፋል። በፕሮጀክተሯና በካሜራዋ መካከል ያለው ርቀት ይታወቃል፣ ሁለቱ ማዕዘኖች ይታወቃሉ፤ የቀረው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ሁለተኛው ዘዴ በሌንስ ትኩረት ላይ የቆመ ነው። ሌንሱ በተለያየ ርቀት ላይ እያተኮረ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አጥርቶ የታየበት ርቀት የነጥቡ ጥልቀት ተደርጎ ይያዛል። አይቴሮና ትሪዮስ የሚባሉት የታወቁ ስካነሮች በዚህኛው ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። ለገዢ የሚነገረው ልዩነት ከእውነተኛው ይበልጣል፤ ሁለቱም በትክክል ሲያዙ ጥሩ ይሠራሉ።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስካነሩ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። ሐኪሙ እያንቀሳቀሰው ሲሄድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮች ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ የተሰበረን ጀበና ስብርባሪ እንደመግጠም እያንዳንዱን ከጎረቤቱ ጋር ማጋጠም ያስፈልጋል። ለዚህ የሚውለው መሠረታዊ ስሌት ፖል ቤስልና ኒል ማኬይ በ1992 ያሳተሙት ነው። አካሄዱ የዋህ ይመስላል። አዲሱን ቁራጭ ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጥ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከወዲያኛው ወገን ቅርቡን ነጥብ ፈልግ፤ ጥንዶቹን በጣም የሚያቀራርበውን ማዞርና ማንሸራተት አስላና አንቀሳቅስ፤ እንደገና ቅርቡን ፈልግ፣ እንደገና አንቀሳቅስ፤ ልዩነቱ መቀነስ ሲያቆም አቁም።

ይህ ስሌት የሚሠራው ቁራጮቹ የሚያዝ ቅርጽ ሲኖራቸው ነው። መንጋጋ ጥርስ ጉብታና ሸለቆ ስላለው በአንድ መንገድ ብቻ ይገጥማል። የታች የፊት ጥርሶች ግን ቀጭን፣ ለስላሳ፣ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ናቸው፤ ስሌቱ አንዱን ከጎረቤቱ ጋር ሊያምታታ ይችላል። ስካነር ይዞ የሚሠራ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ከመንጋጋ ተነሥቶ በደህና ሲመጣ ቆይቶ ክራንቻውን አልፎ ፊት ለፊት ሲደርስ ምስሉ ይቆማል፣ መሣሪያው ያለቅሳል፣ ወደኋላ ተመልሶ የሚታወቅ ቦታ ማሳየት ግድ ይሆናል። ጥርስ የሌለው ድድ ከዚያም ይብሳል፤ የሚያዝ ምልክት የለውም፣ ሲነኩትም ይንቀሳቀሳል። አሠልጣኞች የስካነሩን መንገድ አጥብቀው የሚያስተምሩት፣ መጀመሪያ በማኘኪያው ገጽ ላይ ሂዱ፣ ከዚያ በምላስ በኩል፣ ከዚያ በጉንጭ በኩል የሚሉት፣ ለዚህ ነው።

ቁራጭ ከቁራጭ ሲጋጠም ጥቂት ስሕተት መፈጠሩ አይቀርም። አንድ ጥርስ ላይ አይታወቅም። ከቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ተነሥቶ ዞሮ እስከ ግራ ሲኬድ ግን ይጠራቀማል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በመንገድ ላይ የ0.1 ዲግሪ መጣመም ቢፈጠርና የሚቀጥለው ክፍል 50 ሚሊሜትር ቢረዝም፣ ጫፉ ከትክክለኛ ቦታው ወደ 87 ማይክሮን ይርቃል። ይህን ከሥራው መለኪያ ጋር አነጻጽሩት። ማክሊንና ፎን ፍራውንሆፈር በ1971 ባሳተሙት ጥናት በክራውን፣ ማለትም በተሞረደ ጥርስ ላይ እንደ ቆብ በሚደፋው ሽፋን፣ ጠርዝና በጥርሱ መካከል 120 ማይክሮን ያህል ክፍተት ተቀባይነት እንዳለው አስቀመጡ፤ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ይህ ቁጥር ነው። አንድ የማይታይ መጣመም ብቻውን ከዚያ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በላ ማለት ነው። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በጅማት ስለሚያያዝ ጥቂት ይነቃነቃል፤ አጥንት ውስጥ የተተከለ ብሎን ግን አይነቃነቅም። ስለዚህ በአንድ ክራውን ስካነሩን የሚያምን ሐኪም መንጋጋውን በሙሉ ለሚይዝ ተከላ ሥራ ቢጠራጠር ትክክል ነው።

አሁን ወደ ክራውኑ ጠርዝ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥርሱ ለክራውን ሲሞረድ ሙርዱ የሚያልቅበት መስመር ብዙ ጊዜ ከድዱ ጫፍ ላይ ወይም ከድዱ ሥር ነው። ይህ መስመር በትክክል ካልተገኘ ክራውኑ ያጥራል ወይም ይተርፋል፤ ምግብ ይገባበታል፣ ጥርሱ ከሥሩ ይበሰብሳል። ብርሃን ደግሞ በድድ ውስጥ አያልፍም፣ በደምም ውስጥ አያልፍም። ስለዚህ ሐኪሙ ቀጭን ክር ይወስድና በጥርሱና በድዱ መካከል በጠፍጣፋ መሣሪያ እየገፋ ዙሪያውን ያስገባል። ክሩ ድዱን ገፋ አድርጎ ይይዛል። ደቂቃዎች ይጠብቃል፣ ክሩን ያወጣል፣ በአየር ያደርቃል፣ ድዱ ተመልሶ ሳይከድነው ስካነሩን ያሳልፋል። ደማ? አቁሞ ደሙን ማድረቅ ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ለአልጂኔት ዘመን ሐኪም ይህ አዲስ ሥራ አይደለም፤ ክሩ ያው ክር ነው። በአስር ሺዎች ዶላር የሚሸጠው መሣሪያ ያችን ክር ከሥራ አላስወጣትም።

ክሩ ባይገባስ? ስካነሩ የድዱንና የጥርሱን ገጽ ያያል፣ በመካከላቸው ያለውን ጠባብ ስንጥቅ አያይም። ነጥቦቹ ወደ ገጽ ሲቀየሩ ግን ሶፍትዌሩ ስንጥቁን ባዶ አይተወውም። ነጥቦችን ወደ ገጽ ከሚቀይሩት የታወቁ ስሌቶች አንዱ ካዝዳን፣ ቦሊቶና ሆፕ በ2006 ያወጡት ነው። ያማረ ሒሳብ ነው፤ የተበታተኑ ነጥቦችን ወስዶ ቀዳዳ የሌለው፣ ውኃ የማያፈስ ገጽ ይሰጣል። ነጥብ በሌለበት ቦታ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በለሰለሰ ድልድይ ይሻገራል። ለሐውልት ይህ ጥሩ ነው። ለክራውን ጠርዝ ግን ድልድዩ የተዘረጋው በትክክል ስለታም ጥግ መኖር ባለበት ቦታ ላይ ነው። ሞዴሉ ሲታይ ክብ፣ ለስላሳ፣ ያማረ ነው። ጀሶ ቢሆን ደብዝዞ ይታይና ይመለስ ነበር። እዚህ ማንም አይመልሰውም፤ ፋይሉ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፣ ክራውኑ ይፈለፈላል፣ ታካሚው ይከፍላል።

ሰሪዎቹ ይህን አያውቁም እያልኩ አይደለም። ጥሩ ሶፍትዌር ያልታየውን ቦታ በተለየ ቀለም ያሳያል፣ ወይም ቀዳዳውን እንዲሁ ይተዋል። ተጠቃሚው ግን ቀዳዳ አይወድም። «ሙላ» የሚለው አዝራር አጠገቡ ነው፤ መጫንም ቀላል ነው።

ግምቱ እየረቀቀ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ታሪክ ይመጣል። በ1985 ያልተሠራውን የማኘኪያ ገጽ አስታውሱ። አልበርት ሜልና ፎልከር ብላንዝ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 አንድ መላ አሳተሙ። ብላንዝ ቀደም ሲል በ1999 ከቶማስ ፌተር ጋር የብዙ ሰዎችን ፊት በስሪ ዲ ሰብስቦ ከአማካዩና ከልዩነቶቹ አዲስ ፊት የሚያወጣ ሞዴል ሠርቶ ነበር። ያንኑ ሐሳብ ወደ መንጋጋ ጥርስ አመጡት። ጤነኛ ጥርሶች ተሰብስበው ይለካሉ፤ አማካይ ጥርስ ይገኛል፤ ጥርሶች ከአማካዩ በምን በምን መንገድ እንደሚለያዩ ይሰላል። ከዚያ የተጎዳ ጥርስ ሲመጣ የቀረለት ክፍል ይታይና «እንዲህ ያለ ቅሪት ያለው ጥርስ የጎደለው ክፍሉ ምናልባት እንዲህ ነበር» ይባላል። አስደናቂ ሥራ ነው፤ የሐኪሙን የእጅ ሙርድ በእጅጉ ቀንሷል። ግን ምን እንደሆነ በስሙ እንጥራው፤ በሌሎች ሰዎች ጥርስ ላይ የተመሠረተ ግምት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የእነማን ጥርስ የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ጥርሶችን አንድ በአንድ በመለየቱ ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስካነሩ የሚሰጠው አንድ ወጥ ገጽ ነው፤ ጥርሱም ድዱም አብረው የተጣበቁበት። ጥርስ ለማስተካከል ግን እያንዳንዱን ለይቶ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ዚያ ቺሽቲና ኬልሲ ዊርዝ በ1997 አላይን ቴክኖሎጂን ሲመሠርቱ፣ ያ ግልጽ ፕላስቲክ እያፈራረቀ ጥርስ የሚያስተካክለው ኢንቪዛላይን የዚህ ኩባንያ ነው፣ ይህን ልየታ የሚያደርግ አስተማማኝ ፕሮግራም አልነበረም። በፓኪስታን ላሆር በኮምፒውተር ፊት የተቀመጡ ወጣቶች የደንበኞቹን ጥርስ በስክሪን ላይ ይለዩና ያንቀሳቅሱ ነበር፤ በኋላ ሥራው ወደ ኮስታሪካ ተዛወረ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ በሴኮንዶች የሚሠራውን ያስተማሩት እንዲህ ያሉ እጆች ናቸው። ስማቸው በማስታወቂያ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚማሩ ፕሮግራሞች በይፋ የሚሠለጥኑበትና የሚወዳደሩበት ክምችት አለ። በ2022 ለተካሄደ የጥርስ ልየታ ውድድር የተዘጋጀው ከ900 ታካሚዎች የተወሰዱ 1,800 ስካኖችን የያዘ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የላይ አንድ የታች። በጥንቃቄ የተሠራ፣ ለተመራማሪ ሁሉ የተከፈተ፣ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ስካኖቹ የመጡት በአብዛኛው በፈረንሳይና በቤልጂየም ካሉ ክሊኒኮች ሲሆን አብዛኞቹ ታካሚዎች ከ16 ዓመት በታች ናቸው። እንግዲህ የልጆች ጥርስ በአብዛኛው ሙሉ ነው።

አሁን ያንን ፕሮግራም ወደ እኛ ሰው አምጡት። ከእኛ ሰው ብዙው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ሕመሙ ሲጠና ነው፤ ያኔ የሚቀረው መንቀል ነው። ከተነቀለ ዓመታት ሲያልፉ የኋላው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፣ ይጠጋል። ሐኪሞች ጥርስን በሁለት አኃዝ ይጠራሉ፤ የላይ ቀኝ የመጀመሪያው መንጋጋ 16 ነው፣ ከኋላው ያለው 17። 16 ተነቅሎ 17 ቦታውን ከያዘ፣ በተራ ቁጥርና በአቀማመጥ መገመት የለመደ ፕሮግራም 17ን «16» ብሎ ሊጠራው ይችላል። ስሕተቱ በስክሪን ላይ አያስቀይምም፤ ቀለሙ ትክክል ነው፣ ድንበሩ ትክክል ነው፣ ስሙ ብቻ የሌላ ነው። በዚያ ስም ሕክምና ሲታቀድ ግን የሌለ ጥርስ አለ፣ ያለው ደግሞ የለም ይባላል። የበለዘ ጥርስንም አስቡ። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት በዚያ ያደገ ሰው ጥርስ ይበልዛል፤ ሲጠና ኢናሜሉ ይቦረቦራል፣ ይሸራረፋል። ነጭና ሙሉ ጥርስ እያየ የተማረ ፕሮግራም ይህን ጉድጓድ የበሽታ ጉድጓድ ይለዋል ወይስ የስካን ጉድለት ነው ብሎ ያለሰልሰዋል? በእኛ ሰው ጥርስ ላይ ፈትነን መልሱን ሳናገኝ ለሕክምና መጠቀም የለብንም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ የጎን ወሬ፤ ያለ እሷ ይህን ንግግር መጨረስ አልችልም። እስካሁን ያወራነው ስለሚታይ ብርሃን ነው። ብርሃን ከድድ በላይ ያለውን የጥርሱን ክፍል ያያል፣ ሥሩንና ገና ያልበቀለውን አያይም፤ ለዚያ ኤክስሬይ ያስፈልጋል። በስሪ ዲ ጥርስ ማየት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ካሳዩት ምሳሌዎች አንዷ የእኛዋ ሰላም ናት። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን በ2000 በአፋር ዲኪካ ያገኛት፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን። ፊቷ በጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ተጣብቆ ስለነበር በእጅ ማጽዳቱ ዓመታት ፈጅቷል፤ መንጋጋዋ ውስጥ ያልበቀሉትን ቋሚ ጥርሶች ግን በሲቲ ስካን ማየት ተችሏል። ኋላ በፈረንሳይ ግሬኖብል በሚገኘው ግዙፍ የኤክስሬይ ማዕከል ጥርሶቿ በጥቃቅኑ ታዩ፤ ጥርስ ሲያድግ በየቀኑ የሚተወው መስመር ተቆጠረ። በ2020 በወጣው ጥናት ስትሞት 861 ቀን እንደሆናት ተሰላ። አንድም ጥርስ ሳይሰበር! እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ድልድይ አልዘረጋም፤ መስመሩ ነበር፣ ታየ፣ ተቆጠረ።

እንግዲህ በሀገራችን ከየት እንጀምር? በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ክሊኒኮች ስካነር አስገብተዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መሣሪያው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ሲበላሽም መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። በክልል ከተማ ለሚሠራ ሐኪም ስካነር ግዛ ማለት ቀልድ ነው። የእኔ ሐሳብ ብዙዎችን ላያስደስት ይችላል፤ ከጀሶው እንጀምር። አፍን አስቸጋሪ ያደረገው ሁሉ ጀሶ ላይ የለም። ጀሶ ብርሃን አያሳልፍም፣ አያብረቀርቅም፣ ምራቅ የለውም፣ አይንቀሳቀስም። ሐኪሙ ባለበት ከተማ ልክ ይውሰድ፣ ጀሶውን እዚያው ያፍስስ፤ ከብዙ ክሊኒኮች የሚመጣውን ጀሶ አንድ ማዕከል በጠረጴዛ ስካነር ይቃኘው። አንድ መሣሪያ ሃያ ክሊኒክ ያገለግላል።

ለተማሪዎች ደግሞ ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ። ስልካችሁን በማቆሚያ ላይ አጥብቁት፣ ትኩረቱን ቆልፉት። የጀሶውን ሞዴል በኬክ ማዞሪያ ላይ አድርጉና በጥቂት በጥቂት ዲግሪ እያዞራችሁ አንሡ፤ ከዚያ ስልኩን ከፍ አድርጋችሁ ዙሩን ድገሙት። መብራቱን በነጭ ወረቀት ጋርዱት፤ ጥላ እንዳይወጋው። ኮልማፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶዎቹን ተቀብሎ ካሜራው ከየት ከየት እንዳነሣ ራሱ ያሰላል፣ ቅርጹንም ያወጣል። ሁለት ነገር ያስቸግራችኋል። ጀሶ ወጥ ነጭ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚይዘው ምልክት ያጣል፤ ከሞዴሉ ሥር የጋዜጣ ቁራጭ አንጥፉና አብሮ ይዙር፣ ፊደሎቹ ምልክት ይሆኑታል። ከጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ባዶ ይሁን፤ ምልክት ካለው ፕሮግራሙ ሞዴሉ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ይጠመዳል። ሁለተኛው፣ ፎቶ ቅርጽ ይሰጣል እንጂ መጠን አይሰጥም። የሕፃንና የአዋቂ መንጋጋ በፎቶ እኩል ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ማስመሪያ አብራችሁ አንሡ፤ ሲያልቅ ሁለት ጥርስ መርጣችሁ በካሊፐር ለኩና ከስክሪኑ ጋር አመሳክሩ። በዚህ ዘዴ ክራውን አትሥሩ፤ ለጠርዝ አይበቃም። ለትምህርት፣ ለመዝገብ፣ የታካሚን ለውጥ ለመከታተል ግን ይበቃል።

በየክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ፣ ቦታ ሲጠብ የሚጣል ጀሶ አለ። ከመጣሉ በፊት ተቃኝቶ ቢቀመጥ፣ የተነቀለው፣ ያዘነበለው፣ የበለዘው የእኛ ሰው ጥርስ ያለበት ክምችት መነሻ ይሆናል። ይህን ለመሥራት የምትነሡ ተማሪዎች ካላችሁ ሦስት ነገር አደራ። አንደኛ የታካሚው ፈቃድ ይጠየቅ፤ በአደጋ የሞተ ሰው ማንነቱ በጥርሱ እንደሚለይ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ስም መፋቅ ብቻውን ሰውን አይሰውርም። ሁለተኛ ዕድሜውን፣ ያደገበትን አካባቢና የተነቀሉትን ጥርሶች ሐኪም አይቶ ይመዝግብ፤ ለፕሮግራሙ አትተዉት። ሦስተኛ ፋይሉን ስታስቀምጡ ቀዳዳውን ሳትሞሉ፣ ስካነሩ እንዳየው አስቀምጡት። የተሞላ ሞዴል ለሚፈልግ ሰው በኋላ መሙላት ይቻላል፤ አንዴ ከተሞላ በኋላ ግን የቱ የታየ፣ የቱ የተገመተ እንደነበር ለይቶ የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም።

 ስለ ዋጋ መጠየቅ የምትፈልጉ ወደ መጨረሻ ቆዩልኝ፤ ስለ ክሩ ጥያቄ ያለው ካለ ከእሱ እንጀምር።